የግንቦት ፀሐይና የጡረተኛ መንገድ

ግንቦት ላይ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባለችው ደባርቅ ሙቀትና ብርድ የሚለያዩት በአንድ እርምጃ ነው። ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ግንባሩ ይለበለባል፤ ያው ሰው ወደ ቤቱ ጥግ ጠጋ ሲል ጋቢውን መልሶ ይደርባል። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት የመያዝ ዐቅሙ ደካማ ነው፤ የፀሐይን ጨረር ግን እንደ ልብ ያሳልፋል። ስለዚህ የደጋ ፀሐይ ቆዳን ታቃጥላለች እንጂ አየሩን እምብዛም አታሞቅም። ወጣት ይህን ልብ ሳይል ከፀሐይ ወደ ጥላ፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲመላለስ ይውላል። ዕድሜው የገፋ ሰው ግን እያንዳንዷን ሽግግር በጉልበቱና በደረቱ ያውቃታል። ከቤት ሲወጣ የትኛው ግድግዳ በስንት ሰዓት ጥላ እንደሚጥል፣ የትኛው ባሕር ዛፍ ሥር መቀመጫ ድንጋይ እንዳለ፣ መመለሻው ዳገት ይሁን ቁልቁለት አስቀድሞ ያሰላል።

ጡረታ የወጣ ሰው በእነዚህ ሞቃት ወራት የሚያደርጋቸው ትንንሽ መውጫዎች ብዙ ጊዜ እንደ ጊዜ መግፊያ ይቆጠራሉ። እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ እስከ ገበያ፣ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ፣ ሲበዛ በሚኒባስ እስከ ዳባት ደርሶ መመለስ፤ ከዚህ አያልፉም። እኔ ግን የዚህ ዕድሜ ዋና ሥራ እነዚሁ ናቸው እላለሁ። ሰው ደጅ የሚወጣው ሊያይና ሊታይ ነው። ማየቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ መታየቱን ግን ሥራ ላይ ሳለን ያለ ድካም ስለምናገኘው ዋጋውን ሳናውቅ እንኖራለን። ዋጋው የሚገለጥልን ከደመወዙ ጋር አብሮ ሲቋረጥ ነው።

በ2003 የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የመውጫ ዕድሜን 60 ዓመት አድርጎ ደነገገ። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ እንዲታሰብለት ወሰነ፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየታከለ እስከ 70 በመቶ እንዲደርስም ፈቀደ። ዕድሜ ልኩን ጠመኔ ይዞ የኖረ መምህር፣ በጤና ጣቢያ መርፌ ሲወጋ የኖረ የጤና ባለሙያ፣ ድካሙን በዚህ ቀመር አሳስቦ ይወጣል። አበሉ ያንሳል የሚለው አቤቱታ እውነት ነው፤ የገበያው ዋጋም በየወሩ ያድሰዋል። ቀመሩ የማይነካው ሌላ ጉዳይ ግን አለ። ሠራተኛ ሰው ቢቀር ይጠየቃል። የፊርማው ቦታ ባዶ ከሆነ አለቃው ያያል፤ ክፍሉ ሲንጫጫ ጎረቤት ያለው መምህር ብቅ ብሎ ይመለከታል፤ ተማሪዎቹ «ጋሼ ዛሬ አልመጡም» ይላሉ። ጡረታ በወጣ ማግስት ይህ ሁሉ ይቆማል። እንግዲህ ቢታመምም ቢያዝንም ቀረ የሚለው መዝገብ የለም። አበል የጎደለውን ደመወዝ በከፊል ይተካል፤ ጠዋት ጠዋት የሚጠብቅ ሰውን የሚተካ አንቀጽ ግን አልተጻፈም።

ከደባርቅ ዳርቻ ጀምሮ እስከ ወገራ ሜዳ ያለው ገበሬ የጡረታ መታወቂያ የለውም። ሞፈሩን ለልጁ የሚያስረክብበትን ቀን ማንም አልወሰነለትም። ጉልበቱ ሲደክም መጀመሪያ ማረሱን ይተዋል፤ ቀጥሎ ከብት መከተሉን፤ አጥር መጠገንና ዘር መምረጥ ግን እስከ መጨረሻው አብረውት ይዘልቃሉ። ከእርሻ የተረፈው ጊዜም ባዶ ሆኖ አይቀርም። ለሽምግልና ይፈለጋል፤ የድንበር ጠብ፣ የባልና ሚስት ኩርፊያ፣ የደም ዕርቅ ያለ እሱ አይጨረስም። ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቢውል ሥራ ፈታ የሚለው የለም። ሌላው የቆየ መንገድ ምንኩስና ነው። የትዳር አጋራቸው የሞተባቸው አረጋውያን፣ በተለይም እናቶች፣ ቆብ ደፍተው፣ ንብረታቸውን ለልጆቻቸው ትተው ወደ ደጀ ሰላሙ ይጠጋሉ። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ አረጋዊው ከሥራ ቢለቅም ከሰው ዐይን አይርቅም። ሽማግሌው ከዛፉ ሥር፣ መነኩሲቷ ከቅዳሴው ቢታጡ በዚያው ቀን ይታወቃል። የደመወዝተኛው ጡረታ በሕግ ሲደራጅ ገንዘቡን ይዞ መጣ፤ በሰው ዐይን ፊት ያለውን ቦታ ግን ይዞ አልመጣም። ቦታውን መሥራት ለጡረተኛውና ለጎረቤቶቹ ተተወ።

የሰሜን ተራሮች ግርጌ ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። በሜዳ የሚኖር ሰው ወቅት እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ እዚህ ግን ወቅት የሚኬድበት ቦታ ነው። ሽቅብ ሲወጡ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። አባቶቻችን ይህን ያለ መሣሪያ ለክተው ምድሪቱን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ከፍለዋታል። በግንቦት ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የወረደ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ተጠማዝዞ ዛሪማ ሲደርስ የማሽላ አገር ይቀበለዋል፤ ጋቢው ሸክም ይሆንበታል። ወደ ሳንካበር የወጣው ደግሞ 3,250 ሜትር ላይ ከአስታውና ከጓሳው መካከል ይቆማል፤ ነፋሱ ልብሱን እንዲጠቀልል ያስገድደዋል። ወደ ዳባት ያቀናው ግራና ቀኝ የገብስና የስንዴ ማሳ እያየ ይሄዳል፤ በዚህ ወር ማሳው ታርሶና ተገልብጦ ዝናብ ይጠብቃል። የሦስቱም መንገዶች ዋጋ የመኪና ታሪፍ ነው። ሙቀት ለመሸሽ ባሕር የሚያቋርጡ ሰዎች ባሉበት ዓለም፣ የደባርቅ ጡረተኛ በአንድ ቀን ከወቅት ወደ ወቅት ተሻግሮ ለማታው ቤቱ ይገባል።

ነገር ግን ተራራ ለዕድሜ አያዝንም። በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ መኪናን እንኳ ያስጨንቃል፤ ከአፋፉ ቆሞ ማየትና ቁልቁለቱን መውረድ የተለያዩ ናቸው። የወረደ መውጣት አለበት። አስተዋይ አረጋዊ አፋፉ ላይ ይቆማል። ከዚያ ሆኖ ቆላውን፣ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ፣ ጭነት የያዘው መኪና ጠመዝማዛው ላይ ሲያቃስት ያያል። በወጣትነቱ በእግሩ የወረደበትን መንገድ አሁን በዐይኑ ይወርደዋል። ይህን አንዳንዱ እንደ ሽንፈት ያዝንበታል። እኔ እንደ ዕውቀት አየዋለሁ። ወጣት የዐቅሙን ዳርቻ የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ወድቆ ነው፤ አረጋዊ ሳይደርስበት ያውቀዋል፤ የት ላይ መቆም እንዳለበት ራሱ ይመርጣል። ዳርቻውን ራሱ ለመረጠ ሰው ትንሽ መንገድ ሙሉ መንገድ ነው።

ትንሿ መንገድ ደግሞ ትደጋገማለች፤ ጥቅሟም በመደጋገሟ ነው። ሩቅ አገር አንድ ጊዜ የሄደ ሰው ያየው አዲስ ነገር ነው፤ ተለወጠ ብሎ መናገር ግን አይችልም፤ ምክንያቱም ትናንትናውን አያውቅም። በአንድ አፋፍ ላይ ለዓመታት የቆመ ሰው የትናንቱን ይዞ ስለሚያይ ለውጥ አያመልጠውም። የገብሱ ማሳ ወደየትኛው ጥግ እንደወጣ፣ ምንጩ በየትኛው ወር መድረቅ እንደ ጀመረ፣ የበልጉ ዝናብ ስንት ዓመት እንደዘገየ፣ ደኑ የት ላይ እንደተመለሰ ይመሰክራል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1989 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ በ2009 ከዚያ መዝገብ ወጣ። እነዚህ ዓመታት በሰነድ ላይ ሦስት መሥመር ናቸው። ዋልያው ሲሳሳና ግጦሹ ሲሟጠጥ በዐይናቸው ያዩት፣ በኋላም ጥበቃው ሲጠነክር የኖሩት ሽማግሌዎች ግን በመሥመሮቹ መካከል ያለውን ይነግሩናል። የጡረተኛ መውጫ ከተማዋ የምትጠቀምበት የማስታወስ ሥራ የሚሆነው በዚህ ነው። ማታ ለልጅ ልጆቹ ያየውን ካልነገረ ግን ሥራው በግማሽ ይቀራል።

መንገድ ከአረጋዊ ላይ ሲወሰድ ምን እንደሚጎድል ለማወቅ የግጭን ሰዎች ማሰብ ይበቃል። በ2008 ለፓርኩ ጥበቃ ሲባል ከ400 በላይ አባወራዎች 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ካለው የግጭ አምባ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ ሰፈሩ። ካሳ ተከፈለ፣ የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠ። ወጣቱ ትምህርት ቤትና መብራት ቀረበለት። ዕድሜውን ሙሉ በግና ፍየል ተከትሎ የጓሳውን ሜዳ ሲያቋርጥ የኖረ ሽማግሌ ግን በአንድ ቀን ሦስት ነገር አጣ፤ የሚሄድበትን መንገድ፣ መንገዱ ላይ የሚያገኘውን ሰው፣ የለመደውን ብርድ። ለእሱ ሞቃቱ ወቅት የመጣው ከ700 ሜትር በላይ ቁልቁል በመውረዱ ነው። ካሳ የሚተመነው በቤትና በማሳ ነው፤ የጠዋት መንገድ ዋጋ ያወጣለት የለም። እነዚህ አባቶችና እናቶች በከተማዋ ጎዳና ላይ ቆመው ሲታዩ መንገድ የጠፋባቸው መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ አንድ ጊዜ «እንደምን ዋሉ?» ብሎ ቢያናግራቸው አዲስ መንገዳቸው ከዚያ ሊጀምር ይችላል።

መታየት ሕይወት ያቆያል ስል የስሜት አነጋገር እንዳይመስል፣ የሌላ አገር ማስረጃ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 ሐምሌ ውስጥ በአሜሪካ ቺካጎ በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ፤ መስኮታቸውን ዘግተው እንደተቀመጡ የተገኙ ነበሩባቸው። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኖርዝ ሎውንዴልና ሳውዝ ሎውንዴል የተባሉትን ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሰፈሮች አነጻጸረ። በሁለቱም ድህነት ነበር፤ በሁለቱም ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ አረጋውያን ነበሩ። የሞቱ መጠን ግን በአንደኛው ከሌላው ዐሥር እጥፍ ያህል ሆነ። ብዙ ሰው ያለቀበት ኖርዝ ሎውንዴል ሱቁ የተዘጋ፣ ጎዳናው ጭር ያለ፣ ሰው ደጅ መውጣት የሚፈራበት ሰፈር ነበር። በሌላው ጎዳናው ሰው ይበዛበታል፣ ሱቁ ክፍት ነው፣ ሽማግሌው ወጥቶ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 ነሐሴ በፈረንሳይ ሙቀቱ ወደ 15,000 ሰው ሲጨርስም ከሟቾቹ አብዛኞቹ አረጋውያን ነበሩ፤ የልጆቻቸው የዕረፍት ወር ነበርና ብዙ ቤቶች ጠያቂ አልነበራቸውም።

የእኛ ደጋ እንዲህ ያለ ሙቀት አያውቅም። የአረጋዊ ሰውነት ግን የትም አንድ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ዘግይቶ ይሰማል፣ ላብ ይቀንሳል፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ከሰውነት ውኃ ይቀንሳል። በሳሳ አየርና በጠንካራ ፀሐይ ቀትር ላይ የሚመለስ ሰው ሳይጠማው ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ በማለዳ መውጣት፣ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ መያዝ፣ ሳይጠሙ ውኃ መጠጣት፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ጥላ መያዝ የሽማግሌ ቅንጦት አይደለም። ከሁሉም በላይ ግን ቢዘገይ ዘገየ የሚል ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ይህ አይጎድለንም ብለን እንኩራራ ይሆናል። ዕድር አለን፣ ጽዋ ማኅበር አለን፣ ሁለት ቀን ያልታየን ሰው «ምነው ጠፉ?» ብለን እንጠይቃለን። እውነት ነው፤ ግን እየሳሳ ነው። ልጆች ጎንደር፣ አዲስ አበባ፣ መተማ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ሄደዋል። ድምፃቸው በስልክ ይመጣል፤ ስልክ ግን የአባቱ እግር ማበጡን አያይም። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማእከል ከ1989 ጀምሮ የነዋሪውን ልደትና ሞት ሲመዘግብ ቆይቷል፤ በዚህ መዝገብ የሰው ዕድሜና የሞት ምክንያት ታውቋል፤ ለአገር የሚጠቅም ትልቅ ሥራ ነው። መዝጋቢው ግን ወደ አንድ ደጃፍ የሚመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ዕለት ዕለት የሚመዘግበው ጎረቤት ነው፤ ቡና አፍልታ «እማማን ዛሬ አላየኋቸውም» የምትል ሴት ናት።

ቡና ካነሣን የእናቶችን ነገር ማለፍ አይቻልም። አባት ጡረታ ሲወጣ ቤት ውስጥ የሚገባ ተጨማሪ ሰው ይሆናል፤ እናት ግን ከማጀት ጡረታ የሚያወጣት አዋጅ የለም። መምህርት ሆና ያገለገለችው እንኳ በ60 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ እንጀራ ምጣዱ ትመለሳለች፤ የልጅ ልጆች ይጨመሩላታል። የእሷ መውጫ ሁልጊዜ ጉዳይ ያለው ነው፤ ገበያ፣ ወፍጮ፣ ለቅሶ፣ አራስ ጥየቃ። ያለ ጉዳይ አፋፍ ላይ መቀመጥ ለወንዱ ክብር ሲሆን ለእሷ እንደ ነውር ይታያል። በዚህ ሁሉ ግን ማየትና መታየትን ከወንዱ በላይ ትችልበታለች፤ ለቅሶና አራስ ጥየቃ የሰፈሩን ሁሉ ደኅንነት የሚጠብቅ ሥራ ነው። ወንዱ ጡረተኛ ከእሷ ሁለት ነገር ቢማር መልካም ነው፤ አንደኛው የታመመ መጠየቅን፣ ሁለተኛው አንዳንድ ጠዋት ምጣዱን ተክቶላት እሷም ያለ ጉዳይ እንድትወጣ መፍቀድን ሳይሆን ማድረግን።

በዓመት አንድ ቀን ይህ ሁሉ ተስተካክሎ እናያለን፤ በግንቦት 1 በልደታ። ሰፈሩ ሁሉ ከቤት ይወጣል። ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ ዳቦው ደጅ ይቆረሳል፣ ቡናው ደጅ ይፈላል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ኢያቄምና ሐና ከአገራቸው ወጥተው በሊባኖስ ተራራ ሳሉ እመቤታችን ተወለደች፤ ዘመናቸው አልፎ ተስፋ የቆረጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ታሪኩ በምድራችን የሚታሰበው ፀሐይ በበረታበት ወር መጀመሪያ፣ ቤት ዘግቶ ሳይሆን ደጅ ተሰብስቦ ነው። ሁለት አረጋውያን ከቤታቸው ርቀው በተራራ ላይ ሳሉ በረከት አገኛቸው፤ እኛም ለማክበር እንወጣለን። በዚያ ቀን ማንም አረጋዊ አይረሳም፤ መራመድ ያቃተው ከነበርጩማው ይወጣል፣ ያልወጣውም ንፍሮው ይላክለታል። ሰፈሩ ማን እንዳለና ማን እንደጎደለ በአንድ ጠዋት ያውቃል። ልደታ የምታስተምረን፣ አረጋዊን ደጅ ማውጣት የሚያስፈልገው ትልቅ በጀት ሳይሆን የተቀጠረ ቀንና የታወቀ ቦታ መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ ስንናገር መንገዱ ራሱ ያልተዘጋ ይመስላል። ያለፉት ዓመታት ግን ሌላ አሳይተውናል። በነሐሴ 2013 የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዳባትና ደባርቅ ሲጠጋ በጭና ቀበሌ ሲቪሎች ተገደሉ፤ ብዙ አረጋውያን በእርጅናቸው ተሰደዱ፤ ያልተሰደዱትም ቤታቸው ውስጥ ተዘግተው ቆዩ። በዳባት አቅራቢያ በአለምዋጭ ከሰፈሩት የኤርትራ ስደተኞች መካከልም አገራቸውን በእርጅና ያጡ አሉ። ከ2015 ወዲህም በክልሉ የተኩስ ድምፅ መንገድ የዘጋባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። እስከ ዳባት ደርሶ መመለስ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር ነበር፤ አሁን ጠዋት ሲነሡ «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ መጠየቅን ይጠይቃል። አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ ያለ ፍርሃት ወጥቶ ለምሳ መመለስ መቻሉ የሰላም መለኪያ ነው። የማይችል ከሆነ ሰላም አለ ብለን አናውራ።

እንግዲህ የምለው ለሦስት ወገን ነው። ለከተሞቻችን አስተዳደር፦ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያና ወደ ጤና ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ላይ ጥላ፣ መቀመጫና የሚጠጣ ውኃ ይኑር፤ ወይራና ጽድ ይተከል፤ ጤነኛ ጉልበት ያለው ሰው የማያስተውለው ቢሆንም ለአረጋዊ የመውጣትና ያለመውጣት ልዩነቱ አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። ለጎረቤት፦ ሁለት ጠዋት ያልታየ አረጋዊ ካለ ሦስተኛው ሳይደርስ በሩ ይንኳኳ። ለእኛ ለጡረተኞች፦ መውጫችንን በሰዓትና በመንገድ እንወስነው። ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ብንል ነፃነት ይመስለናል፤ መቅረታችን ግን አይታወቅም። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ሱቅ ደጃፍ የምናልፍ ከሆነ ባለሱቁ ሳያውቀው ጠባቂያችን ይሆናል፤ እኛም በየደጃፉ ያለውን ሰው እያየን ጠባቂ እንሆናለን። ሥራ ላይ ሳለን ይህን ውል ፊርማው አስሮልን ነበር። አሁን ራሳችን በእግራችን የምንፈርመው ውል ነው፤ ግንቦት ሳያልፍ መፈረም እንጀምር።